በእጅ መገኘትና አውቆ መያዝ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አደንዛዥ ዕፅ ክስ ነው። እኔ መምህር እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ለአስተርጓሚነት ችሎት ገብቼ ያየሁት ነው ይህን ያስጻፈኝ።

አንድ የካምፓችን ወጣት ከካኩማ ወደ ኪታሌ ሲሄድ፣ «ይህችን ሻንጣ አድርስልኝ፣ ሰው ይቀበልሃል» ተብሎ የተሰጠው ዕቃ መንገድ ላይ ተፈተሸ። ከልብሱ ሥር ባንጊ፣ ማለት እኛ ሐሺሽ የምንለው፣ ተገኘ። ክሱ ሲነበብ ልጁ «ክዌሊ» አለ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። ሻንጣው በእጁ ስለነበር ዋሾ እንዳይባል ፈርቶ ነው።

ይህች አንዲት ቃል ብዙ ሰው አሳስራለች። መዝገብ ላይ ከሰፈረች የእምነት ቃል ትሆናለች፤ ምስክር ሳይሰማ ወደ ቅጣት ይኬዳል። በኬንያ የወንጀል ሕግ ግን መያዝ ማለት አውቆ መያዝ ነው። ከጓደኛ ጋር በአንድ ቤት መኖርም ብቻውን አያስቀጣም፤ የእሱን ዕፅ አውቃችሁ ከተስማማችሁ ግን እናንተም እንደያዛችሁ ትቆጠራላችሁ። በአገራችን ችሎት «ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ፣ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም» ሲባል ሰምታችሁ የለ? ነገሩ ከዚያ ጋር ይቀራረባል።

የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 በአዳን ጉዳይ እንደወሰነው፣ ክሱ ተከሳሹ በሚገባው ቋንቋ ይብራራል፣ የመለሰው በራሱ አነጋገር ይጻፋል፣ ፍሬ ነገሩም ተነቦለት የሚቃወመው ካለ ይጠየቃል። ዳኛዋ ይህንኑ አደረጉ። ልጁ «ሻንጣውን አልከፈትኩትም» ሲል ቃሉ የክህደት ቃል ሆኖ ተመዘገበ።

እርግጥ «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ዕቃውን የሰጠው ማን ነው? ሲሰጥ ያየ አለ? በስልክ የተላከ መልእክትስ? እነዚህን ለጠበቃ ቶሎ መንገር ይጠቅማል። ቅጠሉ ባንጊ ስለመሆኑም የመንግሥት ኬሚስት ውጤት ይጠየቃል። በ1994ቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ለራስ መጠቀሚያ የተያዘ ከሌላው ያነሰ ቅጣት ስላለው፣ ሲመዘን በፊታችሁ ይሁን። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። (ጫት፣ ሚራ የሚሉት፣ በኬንያ አልተከለከለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ስላለ ነው።)

በ2010ሩ ሕገ መንግሥት መሠረት የተያዘ ሰው ዝም የማለት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብና ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ጊዜው ከሥራ ሰዓት ውጪ ካለቀ በሚቀጥለው የችሎት ቀን ይቀርባል። አስተርጓሚ ካልመጣ «ቋንቋው አልገባኝም» በሉ።

የልጁ ጉዳይ አሁንም በቀጠሮ ላይ ነው። ሻንጣውን የሰጠው ሰው እስከዛሬ አልተገኘም።