ስለ ዝገታም ምንጭ፤ ጠጠርና ደለል ብረት የሚያዝጉትን ተሕዋስያን እንዴት እንደሚረዱና እንደሚያጠፉ

በጨንቻ ደጋ ዝናም ይበዛል፤ ምንጭም አይጠፋም። ነገር ግን ሹም ስለ ምንጭ ሲጠየቅ የውኃውን ብዛት ይናገራል እንጂ ጠባዩን የሚመረምር ጥቂት ነው። ውኃው ሲወጣ ጥሩ መስሎ ቆይቶ የሚደፈርስ፥ ድንጋዩም ዝገት የመሰለ ለስላሳ አተላ የሚለብስ እንደ ሆነ፥ በውስጡ የሟሟ ብረት አለ ማለት ነው። ብረቱ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲበልጥ ታጥቦ የተሰጣ ነጭ ልብስ ያበላሻል፤ ይህም ነጭ ጥጥ ለሚሸምነው ለዶርዜ ሰው ቀላል ጉዳት አይደለም።

አተላውን የሚያበዙት ባክቴሪያ የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። ሩሲያዊው ሊቅ ቪኖግራድስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ. ም. እንዳስረዳው፥ እነዚህ የሟሟውን ብረት ከአየር ጋራ አዋሕደው ወደ ዝገት ሲለውጡ የሕይወታቸውን ኃይል ከዚያ ያገኛሉ።

ክቡር አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው የሚቀመጡበትን ስፍራ ነው። ማረፊያ ያጣ ባክቴሪያ ከወራጁ ጋራ ይሄዳል፤ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ያገኘ ግን ተጣብቆ ይባዛል፥ ብረቱም በዚያው ይቀራል። ጠጠር ካልተዘጋጀለት በቧንቧው ውስጥ ተቀምጦ ቧንቧውን ይደፍናል። ደቃቅ ደለል ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጭቃው በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ አየር ያሳጣዋል። የማዕድን ሠራተኞችም ይህን የመሰለ ነገር ያውቃሉ። በ1947 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ) ከከሰል ማዕድን አሲዳም ውኃ የተገኘው ሌላው ወገን፥ በጋን ውስጥ ማዕድን እንዲያሟሟ ሲደረግ፥ የተፈጨው ድንጋይ ከመቶ 20 እጅ ገደማ ሲያልፍ ቅንጣቶቹ እየተማቱ ሰውነቱን ይፍቁታል፥ እድገቱም ይዘገያል።

ስለዚህ ዝገታም ምንጭ የሚያስገነባ ሹም፥ ውኃው ቧንቧ ሳይገባ አስቀድሞ በደረጃ እየወረደ አየር እንዲያገኝ፥ ከዚያም በጠጠርና በአሸዋ ንጣፍ ውስጥ እንዲያልፍ ያድርግ። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት አይታረስ፤ ሣር ይብቀልበት፥ የጎርፍ መመለሻ ቦይም ይቈፈርለት። በእርከን ሥራ የጋሞ ገበሬ አስተማሪ አያሻውምና ሹሙ ከእርሱ ይማር። ያለዚያ አንድ የክረምት ጎርፍ የወራት ሥራ ያጠፋል።

ሠራተኞች ንጣፉን ሲያጥቡ ድንጋዩ እስኪነጣ የሚፈትጉት ከትጋት ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያውንም አብረው ያወጡታልና፥ እንደ ገና እስኪባዛ ድረስ ውኃው ዝገታም ሆኖ ይወርዳል። ክሎሪን ባልገባበት ንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል። ለመጠጥ የሚሆነው ክሎሪን የሚጨመረው ውኃው ንጣፉን ካለፈ በኋላ ነው።