ምዕራፍ ሰባት፦ የጉልተኛው ችሎትና የገጠሩ ኑሮ

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ሲጨርሱ፦
1. በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ሥርዓት ከዳኝነት ጋር የነበረውን ግንኙነት ያስረዳሉ፤
2. «-ኛ»፣ «ባለ-» እና «-ነት» የሚያስገኙትን የፍች ልዩነት ለይተው ይጠቀማሉ፤
3. የተቃራኒን ሐሳብ በማስረጃ የሚመልስ አከራካሪ ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በቡድን ተወያዩባቸው።
1. በአካባቢያችሁ ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ቢጣሉ መጀመሪያ ወደ ማን ይሄዳሉ? ለምን?
2. አንድ ዳኛ ከሙግቱ ጥቅም የሚያገኝ ቢሆን በፍርዱ ላይ ምን ሊደርስ ይችላል?

ለ. ምንባብ

(በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ከተማ ካደረጉ በኋላ የመንግሥቱ ግርማ በግንቦቹ፣ በአድባራቱና በግብር አዳራሾቹ ይገለጥ ነበር። የአብዛኛው ሕዝብ ኑሮ ግን ከግንቡ ርቆ፣ በማሳው፣ በዐውድማው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርና በጉልተኛው ደጅ ላይ የተመሠረተ ነበር። የዚያን ዘመን ማኅበረሰብ ለመረዳት የሚሻ ሰው እንግዲህ ከነገሥታቱ ታሪክ ጎን ለጎን የገበሬውን ሙግት መመርመር ይገባዋል።

በሰሜኑ ደጋ ክፍል በአንድ መሬት ላይ ሁለት ዓይነት መብት ይገኝ ነበር። አንደኛው ርስት ነው። ርስት ገበሬው ከአቅኚው አባት በመወለዱ ምክንያት መሬቱን ለማረስና ለልጆቹ ለማውረስ የሚያስችለው መብት ነበር። ትውልዱ በአባትም በእናትም ወገን ስለሚቆጠር፣ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ርስት ይደርሳት ነበር። ሁለተኛው ጉልት ነው። ጉልት ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለጦር አለቆች ወይም ለአድባራት የሚሰጠው፣ ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት ነበር። ስለዚህ ጉልተኛው አራሽ አልነበረም፤ አራሹም ከግብር ነፃ አልነበረም። ከግብሩ ጋር ግን አንድ ሌላ ከባድ ሥልጣን አብሮ ይሄድ ነበር፤ ይኸውም በጉልቱ ውስጥ በሚኖሩት ሰዎች መካከል የሚነሣውን ነገር ሰምቶ የመፍረድ ሥልጣን ነው።

የመንደሩ ዓመት በእርሻው ሥራ ይከፋፈል ነበር። ክረምት ሲገባ ገበሬው በሬውን ጠምዶ ያርሳል፤ ጉልበት ያነሰው በወንፈልና በደቦ ይታገዛል። ከራሱ ማሳ ሌላ በተወሰኑ ቀናት የጌታውን ሁዳድ ማረስ፣ ማረምና ማጨድ ግዴታው ነበር። እህሉ በዐውድማ ላይ ሲበራይ የጉልተኛው ወኪል ድርሻውን ሊቀበል ይመጣል፤ ማር በሚገኝበት አገር ማርም ይገበር ነበር። ይህን ሁሉ በቅርብ የሚከታተለው ጭቃ ሹሙ ነው። ጭቃ ሹምነት በብዙ ቦታ በርስተኞቹ መካከል በተራ የሚዞር ስለ ነበር፣ ሹሙ ራሱ ገበሬ ነው፤ ዘንድሮ ያዘዛቸው ሰዎች ለከርሞ ሊያዝዙት ይችላሉ። ትንንሹን ጠብ እርሱና የመንደሩ ሽማግሌዎች ያበርዱታል፤ ያልበረደው ወደ ጉልተኛው ችሎት ይሄዳል።

ችሎቱ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በጉልተኛው ደጅ ወይም በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ጠበቃም ሆነ የክስ ማመልከቻ አያስፈልግም፤ ባለነገሩ በእግሩ ቆሞ በአንደበቱ ይከራከራል። አንድ ሰው በደል ደረሰብኝ ሲል «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባላጋራውን ያስቆማል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ መንገደኛም የመንገድ ዳኛ ሆኖ ነገሩን ለጊዜው እንዲሰማ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች እስከ ፍርዱ ቀን እንዳይጠፉ ዋስ ይጠራሉ። ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር ይቆራኛል። ዛሬ ለረጅም ጊዜ የታመመን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከዚሁ ልማድ በተወረሰ ቃል ነው።

የክርክሩን መልክ ለመረዳት አንድ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። ባልዋ የሞተባት አንዲት ርስተኛ ጎረቤቷ ሲያርስ ወሰኑን ገፍቶ ከማሳዋ ቆርሶ እንደ ወሰደባት ትከሳለች። በችሎቱ ፊት ቆማ፣ «ጌታዬ፣ ይህ መሬት በእናቴ በኩል እስከ አቅኚው አባት ቆጥሬ የደረሰኝ ርስቴ ነው። ወሰኑም ኮሶው ነው፤ ከኮሶው ወዲህ ያለው የእኔ፣ ከኮሶው ወዲያ ያለው የእርሱ ነው» ትላለች። ጎረቤቷም፣ «ኮሶው ከማሳዬ መካከል የበቀለ ዛፍ እንጂ ወሰን አይደለም» ሲል ይክዳል። በዚህ ጊዜ ተጠየቅ ልጠየቅ የሚባለው የመስቀለኛ ጥያቄ ሙግት ይጀመራል።

«ተጠየቅ!» ትላለች።
«ልጠየቅ» ይላል።
«በዚህ ኮሶ ጥላ በእርሻ ጊዜ ያርፉ የነበሩት የማን በሬዎች ናቸው?»
«የአያትሽ በሬዎች ናቸው።»
«አያቴ በሰው ማሳ መካከል በሬዎቹን ሲያሳርፍ አባትህ ዝም ብሎ ያይ ነበርን?»

ሰውየው ለጊዜው መልስ ያጣል። ሴትዮዋ ባላጋራዋን አልሰደበችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም፤ ራሱ ካመነው ነገር ተነሥታ ወደማይፈልገው መደምደሚያ አደረሰችው። የአንደበት ኃይል ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ሙግቱ በዚህ አያበቃም። ጎረቤቷ የተሸነፈ መስሎ ላለመታየት፣ «በበቅሎ እወራረዳለሁ» ይላል። በዚያ ዘመን ተሟጋቾች በነገራቸው እውነትነት መተማመናቸውን ለማሳየት በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር። ሴትዮዋ በቅሎ የላትም። ውርርዱን ብትቀበልና ብትረታ የምትከፍለው የላትም፤ እምቢ ብትል ደግሞ በእውነቷ የምትጠራጠር ይመስልባታል። ከዚህም በላይ የውርርዱ ክፍያ የሚገባው ለረታው ሰው ሳይሆን ለዳኛው ነው። እንግዲህ ጉልተኛው የግብሩ ተቀባይ፣ የሁዳዱ ባለቤት፣ የሙግቱ ሰሚና የውርርዱ ተጠቃሚ ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ምሳሌ በምሬት የሚጠቅሰው የሹመትን ይህን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። ጥሩ ጉልተኛ አልነበረም ለማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ድኻው ፍትሕ የሚያገኘው በጌታው ደግነት ከሆነ፣ ደግነቱ ሲጎድል ፍትሑም አብሮ ይጎድላል።

ይህን አደጋ የሚቀንሱ አንዳንድ ልማዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ችሎቱ በአደባባይ መዋሉ ነው፤ የተሰበሰበው ሰው ነገሩን ስለሚሰማ ዳኛው ግልጽ ግፍ ለመፈጸም ያፍራል። ሁለተኛው ይግባኝ ነው። በጉልተኛው ፍርድ ያልረካ ሰው ወደ አገሩ ገዥ፣ ከዚያም እስከ ንጉሡ ችሎት ሊደርስ ይችል ነበር። መንገዱ ግን ሩቅ ነው፤ ስንቅና ጊዜ የሌለው ገበሬ ይግባኙን በልቡ ይዞ ይቀራል። ሦስተኛው በታላላቅ ችሎቶች ፍርድ የሚሰጥበት ቅደም ተከተል ነው። ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጎንደርን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ በንጉሡ ሸንጎ አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅተኛ የሆነው ሰው ነበር፤ የንጉሡ ቃል በመጨረሻ «ቃለ ዐፄ» በሚባለው ሹም አማካይነት ይነገር ነበር። ታናሹ አስቀድሞ መናገሩ የበላዩን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ ይረዳል። ፍትሐ ነገሥትም በዚህ በላይኛው ችሎት ይጠቀስ ነበር፤ በመንደሩ ግን የሚሠራው በአብዛኛው የአገር ልማድ ነው።

ሙግቱ በቃል ቢሆንም ጽሑፍ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በአድባራት መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ነበር። ሻጩና ገዢው፣ ምስክሮቹና ዋሶቹ በስማቸው ይጻፋሉ፤ ከነዚህም መካከል ሴቶች ይገኛሉ። እነዚህ አጫጭር ማስታወሻዎች ለዛሬው የታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ማስረጃ ሆነዋል።

የጉልት ሥርዓት ለብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ተሰረዘ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ የአራሹንና የባለመሬቱን የቀድሞ ግንኙነት አቋረጠ። ሆኖም የቀድሞው ችሎት በቋንቋችን ውስጥ አሻራውን ትቷል። ዛሬም ከሳሽ ለፍርድ ቤት የሚከፍለው «የዳኝነት ገንዘብ» ይባላል። ልዩነቱ ገንዘቡ ለመንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባ መሆኑ ነው፤ ዳኛው ከሚሰማው ነገር የሚያተርፈው ሊኖር አይገባም። ይህ ልዩነት ለጥንቷ ባለርስት የበቅሎ ዋጋ ነበረው።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ርስተኛና ጉልተኛ በመሬቱ ላይ የነበራቸውን መብት አነጻጽሩ።
2. ጭቃ ሹሙ ለከርሞ ታዛዥ ሊሆን መቻሉ በአገዛዙ ላይ ምን ተጽዕኖ የሚያደርግ ይመስላችኋል?
3. ሴትዮዋ ያቀረበችው ሁለተኛ ጥያቄ ጎረቤቷን መልስ ያሳጣው ለምንድን ነው?
4. የምንባቡ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት ነው? በራሳችሁ አባባል አብራሩ።

መ. ሰዋስው፦ «-ኛ»፣ «ባለ-» እና «-ነት»

በምንባቡ ውስጥ ርስተኛ፣ ጉልተኛ፣ ባለርስት፣ ባለነገር፣ ዳኝነት የሚሉትን ቃላት አግኝታችኋል።

1. «-ኛ» በስም መጨረሻ እየገባ በነገሩ የሚታወቀውን ወይም የሚሠራውን ሰው ያመለክታል። ስሙ በሳድስ ፊደል ሲያልቅ ሳድሱ ወደ ግዕዝ ይለወጣል። ምሳሌ፦ ርስት፣ ርስተኛ፤ እስር፣ እስረኛ።

2. «ባለ-» በስም መነሻ እየገባ የነገሩን ባለቤት ያመለክታል። ምሳሌ፦ ባለዕዳ፣ ባለጉዳይ። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ አንድ ፍች ይሰጣሉ፤ ጉልተኛና ባለጉልት አንድ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ይለያያሉ። ባለነገር ማለት በችሎት ጉዳይ ያለው ሰው ነው፤ ነገረኛ ማለት ግን ጠብ ወዳድ ነው። ምንባቡ ሴትዮዋን ነገረኛ ቢላት ኖሮ ሳይፈርድባት ፈረደባት ማለት ነበር።

3. «-ነት» ረቂቅ ስም ያስገኛል። ቃሉ በ«ኛ» ሲያልቅ «ኛ» ወደ «ኝ» ይለወጣል። ምሳሌ፦ ምስክርነት፤ ዳኛ፣ ዳኝነት።

ማስታወሻ፦ በ«ኛ» የሚያልቅ ቃል ሁሉ ቅጥያ አለው ማለት አይደለም። «ዳኛ» ከሚለው ቃል «ኛ»ን ብናወጣ የሚቀረው «ዳ» ፍች የለውም፤ ቃሉ የተገኘው «ዳኘ» ከሚለው ግሥ ነው። «ቁራኛ»ም እንዲሁ ከ«ቆራኘ» የተገኘ ነው።

መልመጃ። በ«ፈረሰኛ» እና በ«ባለፈረስ» መካከል ያለውን የፍች ልዩነት በዓረፍተ ነገር አሳዩ። ቀጥሎም «ሙግት»፣ «መልእክት» እና «ዕዳ» ከሚሉት ስሞች «-ኛ»ን ወይም «ባለ-»ን በመጠቀም አዳዲስ ቃላት መሥርቱ።

ሠ. ድርሰት

አከራካሪ ድርሰት ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛ፣ አቋማችሁ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ምክንያት በማስረጃ ይደገፍ። ሦስተኛ፣ የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ሐሳብ ሳይዛባ ቀርቦ መልስ ይሰጠው። ደካማውን ሐሳብ ብቻ መርጦ የሚመልስ ጸሐፊ ባላጋራው በሌለበት እንደሚከራከር ተሟጋች ነው።

በምንባቡ ውስጥ ያለው የወሰን ክርክር ፍርድ አላገኘም። እናንተ በችሎቱ ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል በማዕረግ የመጨረሻው ናችሁ እንበል፤ ስለዚህ አስተያየት የምትሰጡት በመጀመሪያ ነው። ወሰኑ የማን እንደሆነና ውርርዱ ሊፈቀድ ይገባ እንደሆነ ውሳኔያችሁን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት የሁለቱንም ወገን ማስረጃ በሁለት ዐምድ ዘርዝሩ፤ ከጻፋችሁ በኋላም ድርሰታችሁን ከተረቺው ወገን ሆናችሁ አንብቡት። የተረታው ሰው ባይደሰትም ምክንያታችሁን ሊከተለው ከቻለ፣ ፍርዳችሁ በሚገባ ተጽፏል ማለት ነው።