አር. ጄ. ሃኬት፦ የእንጨት የጭነት መርከብ

ውኃና እሳት አይዋደዱም ይባላል። በእንፋሎት መርከብ ውስጥ ግን አብረው ይሠራሉ። እሳቱ ውኃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ ሞተሩን ይገፋል፤ ሞተሩም ከኋላ ያለውን መቅዘፊያ ያሽከረክራል። ታዲያ መርከቧ ራሷ የእንጨት ብትሆንስ? እንግዲህ የምትሄድበትም የምትጠፋበትም ነገር በሆዷ ውስጥ አለ ማለት ነው።

በሰሜን አሜሪካ፣ በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ድንበር አካባቢ፣ ባሕር የሚያህሉ አምስት ሐይቆች አሉ። በሱፒርየር ሐይቅ ዳር፣ በማርኬት ከተማ አቅራቢያ፣ የብረት ማዕድን ይቆፈር ነበር። ማዕድኑ በባቡር ይመጣና ወደቡ ላይ ከፍ ተደርገው በተሠሩ፣ ጎተራ በሚመስሉ ክፍሎች ይከማቻል። ከጎተራው ሥር አሸንዳ አለ። አሸንዳው ዝቅ ሲል ማዕድኑ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ መርከቡ ውስጥ ይገባል። የመርከቡ በርና አሸንዳው ካልተገጣጠሙ ግን ሥራው ይጓተታል።

በ1869 (እ.ኤ.አ.) ኢላይሁ ፔክ የተባለ መርከብ ሠሪ በክሊቭላንድ ከተማ ሃኬትን ሠራ። ርዝመቷ ከ60 ሜትር በላይ ነበር። መሪው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ተደረገ፤ መካከሉ በሙሉ ለጭነት ተተወ። የጭነቱ በሮች በየ24 ጫማው፣ ማለት በየ7 ሜትሩ ገደማ፣ ተከፈቱ። ይህም ከማርኬት አሸንዳዎች ጋር እንዲገጥሙ ነው።

ሃኬት ፎረስት ሲቲ የተባለች ሌላ መርከብ ከኋላዋ ትጎትት ነበር። በአንድ ሞተር የሁለት መርከብ ጭነት ይሄዳል ማለት ነው። መጫኑ ቀላል ቢሆንም ማራገፉ ከባድ ነበር። በዚያን ዘመን ሠራተኞች ከመርከብ ሆድ ገብተው ማዕድኑን በአካፋ እየዛቁ ባልዲ ይሞሉ ነበር።

በ1882 እዚያው ክሊቭላንድ ኦኖኮ የተባለች የብረት መርከብ ተሠራች። ብረት ከእንጨት ይልቅ ሳይጎብጥ ይረዝማል፤ ብዙም ይሸከማል። የእንጨት መርከቦች ያመላለሱት ማዕድን ተተኪዎቻቸው የሚሠሩበት ሆነ።

በኖቬምበር 1905 ሃኬት የድንጋይ ከሰል ጭና በሚሺጋን ሐይቅ፣ ግሪን ቤይ በተባለው ሰላጤ፣ ስትጓዝ እሳት ተነሣባት። ውኃው ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ተቃጥላ ቀረች። ሠራተኞቿ ግን በትንሽ ጀልባ ወርደው ሁሉም ተረፉ። ስብርባሪዋ በ1992 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባ።

መርከቧ ብትጠፋም አሠራሯ አልጠፋም። መሪ ከፊት፣ ሞተር ከኋላ፣ ጭነት ከመካከል የሚለው ዘዴ በእነዚያ ሐይቆች ላይ ከ100 ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። ለምን ቢባል፣ መርከቧ የተሠራችው ሥራው በቅድሚያ ተጠንቶ ነው። መሣሪያ የሚጠቅመው ለሥራው ሲስማማ ነው።

ጥያቄዎች
1. የሃኬት በሮች በየ24 ጫማው የተከፈቱት ለምንድን ነው?
2. ሃኬት ከተሠራች ስንት ዓመት ቆይታ ተቃጠለች? አስሉና ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ ሥራው ሳይጠና የተሠራ መሣሪያ አለ? ምን ቢሻሻል ይበጃል? ተወያዩበት።