ጤና የሚታቀደው በማን እጅ ነው? ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ታሪክ



ለዚህ ዕትም ጥናታችን የመረጥነው ጉዳይ ከአገራችን እጅግ ርቆ የሚገኝ ነው። በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ለማንኛውም ቍምስና ቅርብ ነው፦ አንድ መንግሥት አስቀድሞ ለተበደለ ሕዝብ ጤናና ደኅንነት ሲያቅድ፥ ውሳኔው የማን ሊሆን ይገባል? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

አቦሪጂን በመባል የሚታወቁት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፥ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች በ1788 ከመጡ ወዲህ መሬታቸውን ተነጠቁ፤ ብዙ ልጆቻቸውም በመንግሥት ትእዛዝ ከወላጆቻቸው እየተወሰዱ በተቋማት አደጉ። ከእነዚህ ተቋማት አንዳንዶቹ የእኛው የካቶሊካውያን እንደ ነበሩ መሸሸግ አይገባም።

ከሕክምና ያራቃቸው የመንገድ ርዝመት ብቻ አልነበረም። ሲድኒን በመሰለ ታላቅ ከተማ ሆስፒታል በቅርብ እያለ፥ ንቀቱን ፈርተው ሳይታከሙ የሚቀሩ ነበሩ። ስለዚህ በ1971 በሬድፈርን ሰፈር ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የሕክምና አገልግሎት አቋቋሙ። ይህን አርአያ የተከተሉ አገልግሎቶች ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ140 በላይ ናቸው።

የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለብሳል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። አውስትራሊያ ባለጸጋ ሆና ሳለ ይህ የድኾች በሽታ በአቦሪጂን መንደሮች ለረጅም ዘመን ቆየ። ከ1976 ጀምሮ ፍሬድ ሆሎውስ የተባሉ የዓይን ሐኪም የመሩት ቡድን ገጠር ለገጠር ተዘዋውሮ ከ100,000 በላይ ሰዎችን መረመረ። (እኚህ ሐኪም የሬድፈርኑን ሥራ የረዱ ሲሆኑ፥ ኋላም በኤርትራ የዓይን ሕክምና አስተምረዋል።) መድኃኒቱ ሕመሙን ይፈውሳል፤ ነገር ግን ሕፃኑ ፊቱን የሚታጠብበት ውኃ፥ ቤተ ሰቡም ሳይጨናነቅ የሚያድርበት ቤት ከሌለ በሽታው ይመለሳል። እንዲህ ባለ ስፍራ ቧንቧ የሚጠግነው ሰውም የጤና ሠራተኛ ነው።

በ1989 የወጣው ብሔራዊ የአቦሪጂኖች የጤና ስልት ይህን ተረድቶ ነበር። ጤና የአንድ ሰው አካል ደኅንነት ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ሁሉ ማኅበራዊ፥ ስሜታዊና ባህላዊ ደኅንነት መሆኑን ገለጸ። ቃሉ ያማረ ነበር፤ በ1994 የተደረገው ግምገማ ግን በቂ ገንዘብ እንዳልተመደበለትና በሚገባ ሥራ ላይ እንዳልዋለ አረጋገጠ። በ1991 ደግሞ በእስርና በፖሊስ እጅ ሳሉ የሞቱ 99 ሰዎችን ጉዳይ የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን 339 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። ኮሚሽኑ አቦሪጂኖች ከሌላው እስረኛ ይልቅ በእስር ቤት የሚሞቱ ሆነው አላገኛቸውም፤ ከቍጥራቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አብዝተው የሚታሰሩ ሆነው አገኛቸው እንጂ።

በ2007 በሰሜናዊው ግዛት ሕፃናት እንደሚደፈሩ የሚገልጽ ዘገባ በወጣ ጊዜ፥ የፌዴራሉ መንግሥት ነዋሪዎቹን ሳያማክር ፖሊስና ወታደር ላከ፤ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን ሕግ አግዶም የድጎማቸውን እኩሌታ በቍጥጥር ሥር አደረገ። ሕፃናትን የመጠበቅ ግዴታ የማይካድ ነው፤ እናቶችን ሁሉ እንደ ጥፋተኛ መቍጠር ግን ምን ይባላል?

በ2008 መንግሥት ስለ ተወሰዱት ልጆች በፓርላማ ይቅርታ ጠየቀ፤ የዕድሜ ልዩነቱንም በ2031 ለማጥፋት ግብ ተነደፈ። አብዛኞቹ ግቦች ሳይሳኩ በመቅረታቸው፥ በ2020 የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ኅብረት ከመንግሥታቱ ጎን ተቀምጦ አዲስ ስምምነት ፈረመ። በ2024 የወጣው የምርታማነት ኮሚሽን ግምገማ እንዳለው ግን መንግሥታቱ አሠራራቸውን በአብዛኛው አልለወጡም። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ስሌት የነባር ሕዝቦች ወንዶች ከሌሎቹ በ8.8፥ ሴቶች በ8.1 ዓመት ያነሰ ዕድሜ ነበራቸው።

ለውይይት፦ በቍምስናችን የውኃ ወይም የጤና ሥራ ሲታቀድ ውኃውን የሚቀዱት እናቶች በየትኛው ስብሰባ ተጠየቁ? መልሳቸውስ በዕቅዱ ላይ የት ተጻፈ?