ሪፖርቴን አባላቱ እንዲረዱት ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጨፋ ሮቢት ውስጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ሳነብ አባላቱ ዝም ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሠንጠረዡ አትጀምር። አንድ ኩንታል ማሾ ይዘህ ተርክ፤ በስንት ተገዛ፣ ለጆንያ፣ ለጫኝና ለመኪና ምን ወጣ፣ በስንት ተሸጠ፣ ምን ተረፈ። አባላትን ይበልጥ የሚያስቆጣው «አትርፈናል ካላችሁ ብሩ የታለ?» የሚለው ነው። ትርፉ ገና ባልተከፈለ ዱቤ ወይም መጋዘን ባለ እህል ውስጥ ሊሆን ይችላልና ሳይጠይቁህ አስረዳ። ኪሳራ ካለም አስቀድመህ ተናገር። ብዙኃኑ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ከሆነ በቋንቋቸው አቅርብ፤ የሒሳብ ቃላቱን ቀደም ብለህ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተለማመድ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ያልገባውን ሪፖርት እንዲያጸድቅ አታድርገው።