ወድቆ መነሳት

 

እህታችን ሲፋን ሐሰን በ15 ዓመቷ ከኢትዮጵያ ተሰዳ ኔዘርላንድ ገባች። በ2013 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በ1,500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ላይ፣ ፊቷ የነበረችው ሯጭ ስትወድቅ ተደናቅፋ አብራ ወደቀች። «ማን ጣለኝ?» ብላ አልቆመችም። ተነሳች፤ ሁሉንም አልፋ አንደኛ ወጣች። የዚያኑ ዕለት ማታ ደግሞ በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኘች።

ልብ በሉ! ሶብር ማለት የወደቁበት ተቀምጦ መጠበቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያላለፋችሁ፣ ሥራ ፈልጋችሁ ያጣችሁ፣ እንቅፋቱ ከሌላ ሰው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪውን ዙር የምትሮጡት ግን እናንተ ናችሁ። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ዱዓ አድርጉ፤ ከዚያ ደብተራችሁን ግለጡ፣ ማመልከቻችሁን እንደገና ጻፉ።

አላህ ያግራልን!