መጀመሪያ ጨርቁን፣ ቀጥሎ ማሽኑን



ለምክር ከምትመጡት መካከል ብዙዎቻችሁ “አገሬ ስገባ ቲሸርት ላይ የሚያትም ማሽን ልግዛ ወይ?” ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሥራው መልካም ነው። ማኅበሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሠርገኛውም፣ ሐዘንተኛውም የታተመ ልብስ ያሠራል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የእኔን ስሕተት ስሙ።

ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የሰብሊሜሽን ማተሚያና ሂት ፕሬስ ገዛሁ። ሻጩ “ሁሉም ላይ ያትማል” አለኝ፤ አመንኩት። የመጀመሪያው ትእዛዝ ለሰፈራችን ወጣቶች 40 ነጭ ቲሸርት ነበር። ጥጥ ይሻላል ብዬ ጥጥ ገዛሁ። ቀለሙ ደብዘዝ ቢልም ደግ ነው ብዬ አስረከብኩ። አንዴ ሲታጠብ ሥዕሉ አብሮ ሄደ። ገንዘባቸውን መለስኩ፤ የቲሸርቱም ዋጋ በእኔ ላይ ቀረ።

ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። ጨርቁንና ዘዴውን ያላገጣጠምኩት እኔ ነኝ።

ጨርቁን ለይቶ ማወቅ

የዚህን ትምህርት ግማሽ በሥራችሁ ተምራችሁታል። ስትተኩሱ ካውያውን ለጥጥ ታግላላችሁ፣ ለፖሊስተር ትቀንሳላችሁ። ልብሱ ውስጥ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ምን ያህሉ ጥጥ፣ ምን ያህሉ ፖሊስተር እንደሆነ ተጽፏል። ከዛሬ ጀምሮ አንብቧት።

ጽሑፍ ከሌለው አንድ ክር መዝዛችሁ በብረት ሳህን ላይ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ይህን አገራችሁ ገብታችሁ በራሳችሁ ጨርቅ እንጂ በአሠሪ ቤት አትሞክሩት።

ሦስቱ ዘዴዎች

ሰብሊሜሽን፦ ሥዕሉ በወረቀት ላይ ይታተምና በሂት ፕሬስ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ ቀለሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ ፖሊስተሩ ውስጥ ይገባል። አይላጥም፣ በእጅ ሲዳሰስም አይታወቅም። ጥጥ ግን ቀለሙን አይዝም። ነጭ ቀለም ስለሌለውም በጥቁር ልብስ ላይ አይታይም። ለነጭ ፖሊስተር፣ ለምሳሌ ለስፖርት ማልያ፣ ተመራጭ ነው።

ዲቲጂ፦ ቀለሙን በቀጥታ በልብሱ ላይ ይረጫል። በተለይ ለጥጥ ይስማማል። ጥቁር ጥጥ ከሆነ አስቀድሞ የማዘጋጃ ፈሳሽ ይረጭበታል፤ ከሥዕሉም ሥር ነጭ ቀለም ይደረጋል። ማሽኑ ውድ ነው። ሥራ ፈትቶ ከቆመ ነጩ ቀለም ይዘቅጥና መርጫውን ይደፍነዋል።

ዲቲኤፍ፦ ሥዕሉ በፕላስቲክ ፊልም ላይ ይታተማል፤ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶበት ይቀልጣል፤ ከዚያ በሂት ፕሬስ ልብሱ ላይ ይለጠፋል። ለጥጥም፣ ለፖሊስተርም፣ ለድብልቅም፣ ለጥቁርም ለነጭም ይሆናል። ነገር ግን ከጨርቁ ላይ ስለሚቀመጥ ትልቅ ሥዕል ሲሆን ደረትን ያፍናል። ልብሱ ተገልብጦ ይታጠብ፤ ካውያ በሥዕሉ ላይ አይረፍ። ቀይ ፖሊስተር ላይ ሙቀቱ ከበዛ የጨርቁ ቀለም ወጥቶ ነጩን ሥዕል ሮዝ ያደርገዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። መጀመሪያ ሰፈራችሁ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚያሠራ ጠይቁ። በከተማችሁ ዲቲኤፍ የሚያትም ካለ ፊልሙን በክፍያ አሳትማችሁ በሂት ፕሬስ ብቻ መጀመር ትችላላችሁ። ትልቁን ማሽን ደንበኛ ስታፈሩ ትደርሱበታላችሁ። ሻጩን በራሳችሁ ጨርቅ እንዲያትምላችሁ ጠይቁት፤ ያንንም አምስት ጊዜ አጥባችሁ እዩት። እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረውን ምሳሌ አስታውሱ። ወጪን ተቀምጦ መቁጠር እምነት ማጣት አይደለም። ያ ገንዘብ እንቅልፍ ያጣችሁበት ላባችሁ ነው።

ለውይይት

1. ደንበኛ 10 ጥቁር የጥጥ ቲሸርት ቢያዝዛችሁ የትኛውን ዘዴ ትመርጣላችሁ? ለምን?
2. ለነጭ የፖሊስተር ማልያስ?
3. ዛሬ የለበሳችሁት ልብስ ከምን ተሠራ? ጽሑፉን ፈልጋችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡላት።